ሲድን የእኔ፣ ሲሞት የወንዙ

አያ ይማም መሞታቸውን የሰማሁት ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሁለት መንገደኞች ጭቅጭቅ ነው። ከፊቴ የተቀመጠው ጎልማሳ «የእብድ ውሻ መድኃኒት ይሰጡ የነበሩት የግራናው ሽማግሌ አረፉ አሉ፤ አላህ ይዘንላቸው» ሲል፣ ጎኑ ያለው ቀበል አድርጎ «የአባታቸውን ሙያ በገዛ እጃቸው የጣሉት? እሳቸውማ የሞቱት ያኔ ነው» አለ። አንዱ ደግ ሰው ነበሩ ይላል፣ ሌላው ጃጅተው ነው ይላል። እኔ በሰው ወሬ ጥልቅ ማለት የማይከብደኝ ሴት ነኝ፤ ባለቤቴ «አፍሽ ከእግርሽ ይቀድማል» የሚለኝ በከንቱ አይደለም። ያን ዕለት ግን ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ እስከ ወልድያ አለቀስኩ። እነዚያ ሁለት ሰዎች ቢጠይቁኝ ኖሮ የምነግራቸውን ነው አሁን የምጽፈው።

አያ ይማምን ያወቅኳቸው ግራና አካባቢ ሳይንስ እንዳስተምር ተመድቤ ግቢያቸው ውስጥ ቤት በተከራየሁ ጊዜ ነው። አጠር ያሉ፣ ጠይም፣ ሳቃቸው ከአካላቸው የሚበልጥ ሰው ነበሩ። መፋቂያ ከአፋቸው አይለይም። ነገር ሲከብዳቸው መፋቂያውን አውጥተው ጫፉን አተኩረው ያያሉ፤ ያን ጊዜ ሰው ቢያናግራቸው አይሰሙም። ማሽላ ያርሳሉ፣ ከጓሯቸውም ጥቂት የማንጎ ዛፎች ነበሯቸው። ስማቸው እስከ መርሳና ሐራ የተሰማው ግን በመድኃኒታቸው ነው። እብድ ውሻ የነከሰው ሰው፣ እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ ማልዶ ደጃቸው ላይ ይቀመጣል። እሳቸውም ከአባታቸው የወረሱትን ስር ወቅጠው፣ በፍየል ወተት በጥብጠው፣ በባዶ ሆዱ ያጠጡታል። ከምርቃት በቀር የሚቀበሉት ነገር የለም። ሲሸኙት ግን ጣታቸውን ቀስረው አንድ ነገር ያስጠነቅቁታል፦ «አርባ ቀን እስኪሞላ ወንዝ እንዳትሻገር። ከተሻገርክ መድኃኒቱ ይረክሳል።»

አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የነገውን ትምህርት ሳዘጋጅ በርጩማ ስበው ከአጠገቤ ተቀመጡ።

«ቲቸር፣ ነገ ምንድነው የምታስተምሪው?»

«ሳይንስ ምን እንደሆነ።»

«የእኔ መድኃኒት ሳይንስ ነው ወይስ አይደለም?»

«አይደለም» አልኩ ሳላስብ።

«ለምን?»

«መጽሐፉ ውስጥ የለማ።»

ሳቃቸው ግቢውን ሞላው። «መጽሐፉ ሳይጻፍ በፊት ሳይንስ አልነበረም በይኛ!»

«በላብራቶሪም አልተመረመረም» አልኩ።

«የናንተ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ያ የተሰበረ ወንበር የሚከተትበት ክፍል አይደል እንዴ? እንግዲያው አንቺም ሳይንስ አታስተምሪም።»

እልህ ያዘኝ። «አንቱስ መድኃኒትዎ እንደሚሠራ በምን ያውቃሉ?»

«አባቴ ነገረኝ። አንቺስ ምድር እንደምትዞር በምን አወቅሽ?»

«መጽሐፉ...» ብዬ ሳልጨርስ አፌን ያዝኩ። እሳቸው ግን አላፌዙብኝም። «አየሽ፣ ሁለታችንም ሰው ነግሮን ነው» አሉና ተነስተው ወደ ማሽላቸው ሄዱ።

ነገሩ ለቀናት አልለቀቀኝም። ልክ ነበሩ። ማን ተናገረው በሚለው ብቻ ከሄድን፣ እኔ ከሩቅ አገር አባት ሰምቻለሁ፣ እሳቸው ከወሎ አባት ሰምተዋል፤ በቃ፣ ሌላ ልዩነት የለንም። ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ልብስ ሳጥብም፣ ክፍል ውስጥ ቆሜም ይኸንኑ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ መጣልኝ። ይዤላቸው የሄድኩት ላሸንፋቸው ብዬ እንጂ ሌላ ነገር አስቤ አልነበረም።

«አያ ይማም፣ ምን ቢያዩ ነው ‹ለካ መድኃኒቴ አይሠራም› የሚሉት?»

«የጠጣ ሰው ቢሞት ነዋ!»

«ሞቶ አያውቅም?»

መፋቂያው ከአፋቸው ወጣ። «ሞቷል» አሉ። «ግን ወንዝ ተሻግሮ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ለቅሶ ስደርስ እጠይቃለሁ። ‹ወንዝ ተሻግሮ ነበር ወይ?› ስላቸው ‹አዎ፣ ተሻግሯል› ይሉኛል።»

«የዳኑትንስ ይጠይቃሉ?»

«የዳነን ሰው ምን ብዬ እጠይቀዋለሁ? ድኗል እኮ!»

ይህን ብለው ራሳቸው ደነገጡ። የመፋቂያውን ጫፍ እያዩ ብዙ ቆዩ።

ሌላ ሰው ቢሆን ቤቴን ልቀቂ ይለኝ ነበር። አያ ይማም በቀጣዩ የግራና ገበያ ዱላቸውን ይዘው ወጡ፤ እኔም ጉዱን ላይ ብዬ ተከተልኳቸው። መድኃኒታቸውን ጠጥተው የዳኑትን እያፈላለጉ ከጤፍ ተራ ወደ በርበሬ ተራ፣ ከበርበሬ ተራ ወደ ፍየል ተራ ይዞራሉ። «ያኔ መድኃኒት የጠጣህ ጊዜ ወንዝ ተሻግረህ ነበር?» ሲሉት የመጀመሪያው ሰውዬ በድንጋጤ ክው አለ። «ኧረ ወላሂ አልተሻገርኩም!»

«አብሽር፣ ልቆጣህ አይደለም። እውነቱን ብቻ ንገረኝ።»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። «እንግዲህ... ግመሌ ጠፍታብኝ በማግስቱ ተሻግሬያለሁ። አፉ ይበሉኝ።»

አንዲት በርበሬ ሻጭ ደግሞ ጥያቄውን ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች። «አያ ይማም፣ በዚህ አገር ወንዝ ሳይሻገር አርባ ቀን የሚቀመጥ ማን አለ? ከብቱ ማዶ፣ ወፍጮው ማዶ፣ ዘመዱ ማዶ!» ፀሐይ እስክትበርድ ዞሩ። ያልተሻገረ ሰው አላገኙም። የዳኑትም የሞቱትም ተሻግረው ኖሯል፤ የሚጠየቀው ግን የሞተው ቤት ብቻ ነበር።

በዚህም አልተመለሱም። ደግሞ ሌላ ገበያ ቀን፣ በውሻ ተነክሰው የማንንም መድኃኒት ያልጠጡ ሰዎችን መፈለግ ጀመሩ። እነሱም ነበሩ። የሞቱም አሉ፣ ምንም ሳይሆኑ ጎመን የሚሸጡም አሉ። ሲመለሱ በረንዳዬ ላይ ቁጭ አሉና ዱላቸውን መሬት ላይ አስተኙት።

«ቲቸር፣ የሚናከስ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም። እብዱም ቢሆን የነከሰውን ሁሉ አይገድልም። እኔ ግን የተረፈውን ሁሉ ለራሴ ቆጠርኩ። በሽታው ሲነሳ ታማሚው ውሃ ይፈራል፤ ያን እያየን ነው መሰለኝ ጥፋቱን ወንዝ ላይ የጣልነው። ሲድን የእኔ፣ ሲሞት የወንዙ። የትኛውም ወገን ቢረታ አሸናፊው እሱ ራሱ የሆነ ዳኛ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እንግዲያው አይሠራም ማለት ነው!» አልኩ፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

«እሱንም አላልኩ። ጠይቄው አላውቅም ነው ያልኩሽ። ይሠራል ለማለትም አይሠራም ለማለትም መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ከዚያ ወዲያ «ወንዝ አለው» የሚል አነጋገር አመጡ፤ ሰፈሩም ለመደው። አንድ ጊዜ ለማንጎ ተባይ የሚረጭ ነገር የሚሸጥ ሰው ግራና መጥቶ ሲለፍፍ «ባይሠራስ?» ብለው ጠየቁት። «ባይሠራ ገበሬው በደንብ ሳይረጭ ቀርቶ ነው» አለ። አያ ይማም ወደ ሕዝቡ ዞረው «ይኸም ሰውዬ ወንዝ አለው!» ሲሉ ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ቢሆንም ገዙት። የዛፎቻቸውን ግማሽ ረጭተው ግማሹን ተዉት፤ ተባዩ ሁለቱንም እኩል በላቸው። እኔም አልቀረሁላቸው። ፈተና አርሜ «ያለፉት የልፋቴ ዋጋ ናቸው፣ የወደቁት ሰነፎች ናቸው» ስል ሰምተው «ቲቸር፣ አንቺም ወንዝ አለሽ» አሉኝ። አኮረፍኳቸው። ማኩረፌን እያወቁ በማግስቱ የበሰለ ማንጎ ደጄ ላይ አስቀምጠውልኝ ሄዱ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የበረንዳ ጨዋታ ሆኖ በቀረ ነበር። የጎረቤታችን የዘይነባ ልጅ ግን ተነከሰች።

ዘይነባ ሰይድ የሚባል የበኩር ልጅ ነበራት። እኔ ወደዚያ አገር ከመሄዴ በፊት እብድ ውሻ ነክሶት፣ የአያ ይማምን መድኃኒት ጠጥቶ፣ በኋላ ሞቷል። ለቅሶው ላይ አያ ይማም እንደ ልማዳቸው «ወንዝ ተሻግሮ ነበር ወይ?» ብለው ጠየቋት። እሷም ለወንድሟ ሠርግ አዝላው መሻገሯን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተናገረች። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ስሟ «ልጇን ወንዝ ያሻገረችው» ሆነ። በክፋት የሚላት አልነበረም፤ እንዲያው ለመለያ ያህል ነው። እሷ ግን ያን ወንዝ ዳግመኛ አልተሻገረችም። መርሳ ገበያ እንኳ ሰው ትልካለች እንጂ አትሄድም።

አሁን የተነከሰችው ሁለተኛዋና የቀረቻት ልጅ ራህመት ናት። ውሻው ከብቱንም ሰውንም ሲያባርር ውሎ ክንዷ ላይ ያዛት። የጤና ኤክስቴንሽኗ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ደጋግማ አጥባ «ዛሬውኑ ወልድያ ወስደሽ አስከትቢያት» አለቻት። ከሰፈራችን ወደ አስፋልቱ ለመውጣት ደግሞ ወንዙን መሻገር ግድ ነው። ዘይነባ ልጅቱን አቅፋ ቤቷ ገብታ ተቀመጠች።

አያ ይማምና እኔ ስንደርስ ቤቱ በጎረቤት ተሞልቷል።

«አላሻግራትም» አለች ዘይነባ ገና ሳንቀመጥ። «አንዱን አሻግሬ ቀብሬያለሁ። አያ ይማም፣ ስሩን ይስጡኝ። እዚሁ አስሬ እጠብቃታለሁ፤ ደጅም አላስወጣት።»

እሳቸው መደብ ላይ ይቀመጡ ሲባሉ እምቢ አሉና መሬት ላይ፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ምን ሊሉ እንደሆነ ገባኝ።

«ዘይነባ፣ ሰይድን ወንዙ አልገደለውም።»

«ምን አሉ?»

«የዳኑትን ሁሉ ዞሬ ጠየቅኩ። ሁሉም ተሻግረዋል። ወንዙ ማንንም ምንም አላደረገም። ሰይድ የሞተው እብድ ውሻ ነክሶት፣ የእኔም መድኃኒት ሳያድነው ቀርቶ ነው። ያንቺ ጥፋት የለበትም። ሳላውቅ እንደሚያውቅ ሰው በለቅሶሽ ላይ የጠየቅኩሽ እኔ ነኝ። አፉ በይኝ።»

ታላቅ ወንድማቸው አያ ሙሄ ከበሩ ላይ «ይማም! የአባታችንን አጥንት ከመቃብር አታውጣ!» ብለው ጮኹ። አያ ይማም ዞረው አላዩዋቸውም።

ዘይነባ አላለቀሰችም። ፊቷ እንደ ድንጋይ ሆነ። «ይኸን ሁሉ ዘመን» አለች። «ልጄን ገዳይ ነኝ ብዬ ተኛሁ፣ ልጄን ገዳይ ነኝ ብዬ ተነሳሁ። አንቱ ከአጥሬ ማዶ እየኖሩ።»

«አዎ» አሉ።

«መርፌውስ? እሱስ ወንዝ የለውም?»

«ይኸንኑ ቀደም ብዬ ወልድያ ሄጄ ሐኪሞቹን ጠይቄያቸዋለሁ። ‹ዘግይቶ የመጣ ይሞትብናል› ሲሉኝ፣ ይቺም ወንዝ ናት ብዬ ነበር። እነሱ ግን መቼ እንደመጣ የሚጠይቁት የሞተውን ብቻ አይደለም፤ የዳነውንም ይጠይቃሉ። ሁሉንም ገና በበር ሲገባ፣ መዳን መሞቱ ሳይታወቅ ይጠይቁታል። እኔ አንድ ቀን ያላደረግኩትን።»

ዘይነባ ልጅቱን አየቻት። ከዚያ «እንግዲያው ወልድያም ልውሰዳት፣ ስሩንም ይስጡኝ። ሁለቱንም» አለች።

እኔም ጠጋ ብዬ «ምን ቸገረዎት፣ ለልቧ ማረፊያ ይስጧት» አልኳቸው። እጃቸውን አወናጨፉብኝ።

«ሁለቱንም ከሰጠኋት፣ ልጅቱ ስትድን አገሩ ‹የይማም ስር አዳናት› ይላል። ነገ የሚነከሰው የሰው ልጅ እኔ ደጅ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። ስሩን አልሰጥም።»

«ብትሞትብኝስ?» አለች ዘይነባ።

«ብትሞት እኔን በይ። ወንዙን አትበይ፤ ራስሽንም አትበይ። ‹ይማም ከለከለኝና ልጄ ሞተች› በይ። ይኸው በሰው ፊት ነው የምነግርሽ።»

ተማሪዎቼ ሳይንስ ምንድነው ሲሉኝ ዛሬም ትዝ የሚለኝ ይህ ንግግር ነው። አዋቂ ነኝ የሚል ሞልቷል፤ ልክም የሚሆን አይጠፋም። ሳይሆንለት ሲቀር የሚያዝበትን ቦታ አስቀድሞ በሰው ፊት የሚናገር ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ አላየሁም። እውቀቱን የሚያስከብረውም ይኸው ይመስለኛል፤ ሊረታ በሚችልበት መንገድ ወጥቶ ሳይረታ ሲመለስ ነው የምናምነው።

ዘይነባ ብድግ ብላ ልጅቱን አዘለቻት። ወንዙ ዳር ስትደርስ እግሯ ቆመ። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበር። አያ ይማም ጫማቸውን አውልቀው ገቡና መሃሉ ላይ ቆመው ጠበቋት። ዓይኗን ጨፍና ገባች፤ ማዶም ወጣች። ያን ዕለት ወልድያ ደረስን፣ ልጅቱም ተከተበች። ቀጠሮ በመጣ ቁጥር አያ ይማም አብረው ይሄዳሉ። ዘይነባ አንድም ቀን አላናገረቻቸውም። እሳቸው ከኋላ ወንበር፣ እሷ ከፊት ትቀመጣለች።

በእነዚያ ሳምንታት ሰውነታቸው ከሳ። ራህመት ካሳለች ምግብ አይቀምሱም፤ ውሃ ስትጠጣ ካላዩ አይረጉም። መስጊድ ሲሄዱ አንዳንዱ ሰላምታውን ይነፍጋቸዋል። አያ ሙሄ ቤታቸው መምጣት አቆሙ። ልጅቱ ግን ሰነበተች፣ ከረመች፣ ከእኩዮቿ ጋር መሯሯጥ ጀመረች። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ዞሮ «አያ ይማም ልክ ነበሩ! መርፌው ያድናል!» ማለት ጀመረ። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ሲያሞግሱት ዝም ይላል። እሳቸው ግን «የአንዲት ልጅ መዳን ምንም አይነግራችሁም፤ ውሻውም ጤነኛ ሊሆን ይችል ነበር። ጠይቁ» ብለው ደስታቸውን አበላሹባቸው። እኔ እንኳ ተናድጄ «አንድ ቀን እንኳ ዝም ብለው ቢደሰቱ ምን አለበት!» አልኳቸው። «ተደስቼማ አለሁ። ብቻ ለምን እንደዳነች አውቃለሁ ብዬ ደግሜ አልዋሽም» አሉኝ። ስሩን ዳግመኛ አልወቀጡም። ለመድኃኒት የመጣባቸውን ሰው ሁሉ ወንዙን አሻግረው አስፋልቱ ድረስ ይሸኙ ነበር።

አንድ ዓርብ ከሶላት በኋላ ዘይነባ ደጃችን መጥታ ቆመች። እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። አያ ይማም ሲያዩዋት ከበርጩማቸው ተነሱ።

«ለሰይድ ሰደቃ ላወጣ ነው» አለች። «ከሞተ ጀምሮ አውጥቼለት አላውቅም። የገደለ ሰው በምን ፊቱ ሰደቃ ያወጣል? እንደ እናት አልቅሼለትም አላውቅ፤ አፍር ነበር። አሁን ላወጣለት ነው። አንቱም ይምጡ።»

መልስ ሳትጠብቅ ሄደች። በዕለቱ አያ ይማም ነጭ ሸማቸውን ለብሰው ሄዱና ከበሩ አጠገብ፣ ጫማ ከሚወለቅበት ተቀመጡ። ምግቡ ከተበላ በኋላ አንድ ቀልደኛ ሰውዬ «አያ ይማም፣ ዱዓውንም ይሠራል አይሠራም ብለው ሊመረምሩት ነው እንዴ?» ብሎ ለከፋቸው። ሳቅ ሆነ። እሳቸው አልሳቁም። «ዱዓ ልመና ነው፤ ለማኝ አይመረመርም። የእኔ ስር ግን ‹አድናለሁ› ብሎ ነበር። ‹አድናለሁ› ያለ ይጠየቃል» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ዱዓ ለማድረግ እጃቸውን ሊያነሱ ሲሉ ዘይነባ ከሴቶቹ መካከል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «የልጄን ዱዓ አያ ይማም ያድርጉልኝ» አለች። አያ ይማም ዙሪያቸውን አዩ፤ የሚያግዛቸው ሰው የፈለጉ ይመስለኛል። ከዚያ መዳፎቻቸውን ዘረጉ።

«ያ ረቢ፣ ሰይድን...»

ድምፃቸው ተቆረጠ። ጠበቅናቸው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን አይወጣም፤ እንባቸው በተዘረጋው መዳፋቸው ላይ ይወርዳል። ዘይነባ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ ለልጇ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እናት እያለቀሰች፣ «አሚን» አለች። ቤቱም ተከትሏት «አሚን» አለ።